የአሽከሩ ዝምታ የማን ነው?

አንኮበርን ያየ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ከፍታዋ ነው። ከጎረቤላ ተነሥቶ ወደ ጥንቱ ቤተ መንግሥት ኮረብታ የወጣ መንገደኛ በስተምዕራብ የሸዋን ደጋ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባና ወደ ፋሬ፣ አልፎም ወደ አፋር ቆላ የሚወርደውን አገር ቆሞ ይመለከታል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ የሸዋን ንጉሥ ደጅ የሚጠናው ይህን አቀበት ወጥቶ ነበር። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1839 ወጣው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በ1841 ወጥቶ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ጣሊያናዊው አንቲኖሪ በ1876 መጥቶ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለው ስፍራ የአገሩን የጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ መሠረተ፤ በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1887 ጠመንጃ አስጭኖ ደረሰ።

እነዚህ እንግዶች ብዙ ጽፈዋል። ስለ አቀበቱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ንጉሡ ጠባይ፣ ስለ በቅሎና ስለ ግመል ኪራይ ሳይቀር ጽፈዋል። ሻንጣቸውን ያወጣው፣ ድንኳናቸውን የተከለው፣ ሲታመሙ ውሃ ያቀበላቸው ሰው ግን በመጽሐፋቸው ውስጥ ቢገኝ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያውም ሰነፈ ወይም ሰረቀ ሲባል።

ዛሬ በዓለም ቴአትርና ሲኒማ የእነዚህን ሰዎች ዝምታ ለመስማት የሚጥር አንድ የሥራ ዓይነት ተስፋፍቷል። የድሮ ዘመን ልብስ ለብሶ የድርጊቱን ሰንሰለት ሆነ ብሎ የሚበጥስ፣ ቅኝ አገዛዝን የሚወቅስ፣ በጌታና በአሽከር መካከል፣ አንዳንዴም በወንድና በወንድ መካከል፣ ሳይነገር የቀረ ፍቅር ነበረን ብሎ የሚጠይቅ የሙከራ ድራማ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዱ ያሳስባል፤ አንዳንዱ ያሰለቻል። እኔን ግን ከጥራታቸው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ በሥራቸው ያለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ሳይናገር ከሞተ ዝምታው የማን ንብረት ይሆናል? የጌታው ነውን? የታሪክ ጸሐፊው ነውን? ወይስ ባዶ መድረክ ሲያይ እጁን የሚበላው የጸሐፌ ተውኔቱ ነው?

ስለ ሰው ክብር ያስተማሩን ፈላስፎች ናቸውና ከእነርሱ ቤት እንጀምር። በፕሩሺያዋ ኬኒግስበርግ የኖረው አማኑኤል ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ማንም ሰው እንደ መሣሪያ ብቻ ሊታይ እንደማይገባ አስተማረ። ይህን ሲጽፍ በቤቱ ማርቲን ላምፐ የሚባል፣ ቀድሞ ወታደር የነበረ ሎሌ ነበረው። ላምፐ ለአርባ ዓመት ያህል በየቀኑ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ጌታውን ሲቀሰቅስ ኖረ። የካንት ፍልስፍና በላምፐ ሰዓት አክባሪነት ላይ ቆሟል ቢባል እጅግም አልተጋነነም። በ1802 ላምፐ ከአገልግሎት ተባረረ፤ ያረጀው ፈላስፋም የላምፐ ስም ከእንግዲህ ፈጽሞ መረሳት እንዳለበት ለራሱ ማስታወሻ ጻፈ። ለመርሳት ማስታወሻ መያዝ! ሰው በዚህ ይሥቃል፤ ያሥቃልም። ማስታወሻው ግን ስለ ካንት ልብ ብዙ ሲነግረን ስለ ላምፐ ልብ ምንም አይነግረንም። ያን ቀን በሩን ዘግቶ ሲወጣ አለቀሰን? ወይስ ከአርባ ዓመት በኋላ በማግስቱ እስከ ረፋድ ተኛ? እኔ በበኩሌ ተኝቶ እንደሆነ ደስ ይለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ምኞት እንጂ የእርሱ ታሪክ አይደለም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ በ1667 እንደ ተጻፈ የሚነገርለት የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ አለ። አክሱማዊው ፈላስፋ ከስደቱ በኋላ በእንፍራዝ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ፣ መጽሐፍ እየጻፈና የባለቤቱን ልጆች እያስተማረ ይኖራል። በዚያ ቤት ሒሩት የምትባል ገረድ አለች። መልኳ የተዋበ እንዳልሆነ፣ ጠባይዋ ግን መልካም፣ አእምሮዋ ብሩህ፣ ትዕግሥቷም ብዙ እንደ ሆነ ይነግረናል። ሊያገባት ወዶ ጌታዋን ሲጠይቅ ሀብቱ ከእንግዲህ ገረድነቷ ለአንተ ይሁን በሚል መንፈስ ይመልስለታል። ፈላስፋው ይህን አይቀበልም። ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ጌታና ገረድ ሊባሉ አይገባም ይላል። በዚያው መጽሐፍ ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥና መግዛትን የሚፈቅድ ሕግ ከፈጣሪ ሊመጣ እንደማይችል ይከራከራል።

ይህን ክፍል በክፍል ውስጥ ያነበበ መምህር ሁሉ ይኮራበታል፤ መኩራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን እያነበብን የምናልፈው አንድ ነገር አለ። የሒሩትን እኩልነት የተከራከሩበት ሁለት ወንዶች ናቸው፤ አንዱ የቤቱ ጌታ፣ ሌላው የቤቱ እንግዳ። ሒሩትን የምናውቃት በባሏ ብዕር በኩል ብቻ ነው። ብሩህነቷን እርሱ ይመሰክራል፤ ትዕግሥቷን እርሱ ያመሰግናል። በጌታዋ ቤት የምትኖር፣ የጌታዋን እንጀራ የምትበላ ሴት ጌታዋ የፈቀደውን ጋብቻ እምቢ ልትል ትችል ነበርን? ፈላስፋው የተናገረው ቃል እውነት ነው፤ ቃሉ እውነት መሆኑ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

የሐተታው ነገር ደግሞ ሌላ ሙግት አለበት። መጽሐፉን በ1850ዎቹ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ካፑቺን መነኩሴ ነበር። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው መነኩሴው ራሱ ነው ሲል ጻፈ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን በሰፊው ተከራከሩ። ሙግቱ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ከበስተኋላው ያለው ጥያቄ፣ ማለትም አፍሪካዊ በራሱ አእምሮ ሊፈላሰፍ ይችላልን የሚለው፣ ቅኝ አገዛዝ የተከለው አረም መሆኑ የሚካድ አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ሙግቱ ሁሉ የሚዞረው ብዕሩን በያዘው እጅ ዙሪያ መሆኑን ነው። መነኩሴው ጽፎት ከሆነ ሒሩት የአንድ አውሮፓዊ ሕልም ናት። ዘርዓ ያዕቆብ ጽፎት ከሆነ የአንድ ኢትዮጵያዊ ትዝታ ናት። በሁለቱም መንገድ የሌላ ሰው ናት።

አሁን ወደ አንኮበር አቀበት እንመለስ፤ ጥያቄውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያከረው የራምቦ ጉዳይ ነውና። ራምቦ ፈላስፋ አልነበረም። ባለቅኔ ነበር፤ ያውም ከሃያ ዓመቱ ግድም ጀምሮ ቅኔን እርም ያለ ባለቅኔ። በ1854 በሻርልቪል ተወለደ። በአፍላ ወጣትነቱ ከታዋቂው ባለቅኔ ከፖል ቬርሌን ጋር በፍቅር ተሳስሮ በፓሪስ፣ በለንደንና በብራስልስ ተንከራተተ። በጁላይ 10 ቀን 1873 ቬርሌን ብራስልስ ላይ በሽጉጥ አቆሰለው፤ ሁለት ዓመትም ተፈረደበት። በ1880 መጨረሻ ራምቦ ለባርዴ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር ገባ፤ ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስም ነገደ። በ1885 በሸዋ ከከተመው ፈረንሳዊ ነጋዴ ከላባቱ ጋር ተዋውሎ ለምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ተነሣ። ላባቱ በመካከሉ ሞተ። ራምቦ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ይዞ ከታጁራ በበረሃው አቋርጦ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ አልነበሩም፤ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ሐረርን ይዘው ነበር። እስከ እንጦጦ ተከትሎ ጠመንጃውን ከጠበቀው እጅግ ባነሰ ዋጋ ሸጠ። የንግዱን ታሪክ ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ይህ ሰው በሐረር ዘመኑ ጀሚ ዋዳይ የሚባል ሐረርጌ አሽከር ነበረው። ራምቦ በ1891 እግሩ በዕጢ ታምሞ ወደ ማርሴይ ሄደ፤ እግሩን ተቆረጠ፤ በኖቬምበር 10 ቀን በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ሞተ። ያስታመመችው እኅቱ ኢዛቤል በኦክቶበር 28 ቀን ለእናቷ በጻፈችው ደብዳቤ ወንድሟ አንዳንድ ጊዜ እርሷን ጀሚ እያለ እንደሚጠራት ትናገራለች። ሲሞትም ለጀሚ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጥ ተናዘዘ። ኢዛቤል ኑዛዜውን ለመፈጸም በዔደን ላለው ቆንሲል ጻፈች፤ ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ጀሚ ሞቶ ስለ ነበር ለወራሾቹ ተሰጠ።

ስለ ጀሚ በርግጠኝነት የምናውቀው ከዚህ እጅግም አይበልጥም። ስለ ጌታው ግን ቤተ መጻሕፍት የሚሞላ ተጽፏል። አየርላንዳዊቷ ሊቅ ኢኒድ ስታርኪ በ1937 ራምቦ በአቢሲንያ ስለ ነበረው ኑሮ መጽሐፍ አወጣች። ክሪስቶፈር ሃምፕተን ስለ ራምቦና ስለ ቬርሌን የጻፈው ተውኔት በ1968 ለንደን ላይ ታየ፤ በ1995 ደግሞ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ራምቦን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም ወጣው። በሐረር እስከ ዛሬ የራምቦ ቤት የሚባል ያማረ ቤት ለጎብኚ ይታያል፤ ራምቦ ኖሮበታል መባሉ ግን አጠራጣሪ ነው። የጀሚ ቤት ይህ ነው የሚል አስጎብኚ አላጋጠመኝም።

ከዚህ ላይ ነው ሁለት ዓይነት ሰዎች የሚነሡት። አንደኛው ወገን፣ ራምቦ ከቬርሌን ጋር የኖረ ሰው ነው፤ በሞት አልጋው ላይም የጠራው ጀሚን ነው፤ ስለዚህ በመካከላቸው ፍቅር ነበረ ይላል፤ በዚህም ላይ ድራማውን ያንጻል። ሁለተኛው ወገን ይህ ስም ማጥፋት ነው፤ ስለዚህ ነገር በጭራሽ አይነሣ ይላል። በእኛ አገር የወንድና የወንድ ፍቅር በሕግ የተከለከለ፣ በአደባባይም በቀላሉ የማይነገር በመሆኑ አብዛኛው አንባቢ ከሁለተኛው ወገን ጋር እንደሚቆም አውቃለሁ። ቢሆንም የቬርሌን ነገር በፍርድ ቤት መዝገብ የተጻፈ እውነት ነው፤ እርሱን ደብቆ የራምቦን ታሪክ መናገር ታሪኩን ማጉደፍ ይሆናል። ከቬርሌን ተነሥቶ ወደ ጀሚ መደምደም ደግሞ ሌላ ጉድፍ ነው። ጌታው ብራስልስ ላይ የወደደው ሰው ሐረር ላይ ስላለው አሽከሩ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ ሆነው አገኛቸዋለሁ፤ ሁለቱም የሚመለከቱት ራምቦን ነውና። የመጀመሪያው ጀሚን የራምቦ ልብ መስታወት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ የራምቦን ስም ወይም የአገርን ስም ሊጠብቅ ሲል ጀሚን አብሮ ከበሩ ውጭ ያስቀረዋል። ጀሚ የጌታው ምሥጢር ወይም የጌታው ነውር ከመሆን አያልፍም። ጀሚ ራሱ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ይናፍቅ ነበር፣ የወር ደሞዙን ሲቀበል በልቡ ምን ይል ነበር ብሎ የሚጠይቅ ከሁለቱም ወገን አይነሣም።

በጌታና በአሽከር መካከል ፍቅር ሊኖር አይችልም አልልም። በመደብ መካከል ያለው ግንብ የሰውን ስሜት ፈጽሞ ያግዳል ብሎ የሚያስብ ሰው የሰውን ልጅ አላየም። መንግሥቱ ለማ በ“ያላቻ ጋብቻ” የተማረ የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ሲያገባ አሳይተውናል፤ ሕዝቡም ሥቋል፣ አስቧልም። ነገር ግን ፍቅሩ በወንድና በሴት መካከል ይሁን በወንድና በወንድ መካከል፣ ጥያቄው አንድ ነው። ደሞዝ ተቀባዩ ደሞዝ ከፋዩን እምቢ ማለት ይችላልን? እምቢ ቢል ነገ የት ያድራል? ይህ ሳይጠየቅ እሺታውን ፍቅር ብሎ መሰየም ለጌታው የሚደረግ ቸርነት ነው። ራምቦ ራሱ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ትቶልናል። በዔደን አብራው የኖረች አንዲት ሐበሻ ሴት ነበረች። በ1885 ስለ እርሷ ለጻፈለት ለጣሊያናዊው ጋዜጠኛ ለፍራንዞይ በሰጠው መልስ ሴትየዋን ማሰናበቱን፣ ጥቂት ታለር ሰጥቶ በጀልባ እንደሚልካት፣ ከዚያ በኋላ ወደምትፈልግበት መሄድ እንደምትችል ይገልጻል። ወደምትፈልግበት! ስሟን እንኳ አይጠራም። ይኸው ሰው ነው ለጀሚ 3,000 ፍራንክ የተናዘዘው። ኑዛዜውን ሳነብ ፍቅር አያለሁ፤ የከረመ የደሞዝ ዕዳም አያለሁ፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚያስችል ሚዛን የለኝም። ደግሞም ወራሽ ያለው ሰው ቤት ያለው ሰው ነው። ከራምቦ ድንኳን ውጭ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩት። ስለ ጀሚ ድራማ የሚጽፍ ሰው ወደዚያ ቤት ካልገባ የጻፈው ስለ ጀሚ አይደለም።

ይህን ስል የራሳችንን ቤት ጠርገን የጨረስን አይምሰለን። ከአንኮበር ቁልቁል፣ ከአልዩ አምባ አጠገብ፣ አብዱል ረሱል በሚባለው ስፍራ የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር። ካፒቴን ሐሪስ ስለ ገበያው የጻፈው አውሮፓዊ ትዕቢት ያለበት ቢሆንም ገበያውን እርሱ አልፈጠረውም። በዚያ ገበያ የተሸጡት ሰዎች ለንጉሡም፣ ለመኳንንቱም፣ ለነጋዴውም ውሃ ቀድተዋል፣ እህል ፈጭተዋል። ባርነት በዐዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ የዐዋጁ ዘመን እጅግ ሩቅ አይደለም። ስለ ቅኝ አገዛዝ የሚጻፍ ተውኔት ነጩን ጌታ ብቻ መድረክ ላይ አቁሞ የአገሩን ጌታ ከመጋረጃ ኋላ ከደበቀ ግማሽ እውነት ነው። የኪነ ጥበብ ሰው በዚህ ረገድ ከካድሬውም ከመምህሩም የበለጠ ድፍረት ሊኖረው ይገባል፤ እነርሱ የሚጠየቁት ስለ ትምህርቱ ነው፣ እርሱ ግን ስለ ሰውየው።

አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል። አሽከሮች አፍ ነበራቸው፤ ያጡት ወረቀት ነው። አንዳንዴ ወረቀቱ ሲገኝም ሌላ ሰው ያቃጥለዋል። ራምቦ በ1887 በኖቬምበር ወር በዔደን ላለው የፈረንሳይ ምክትል ቆንሲል በጻፈው የሒሳብ ደብዳቤ ሟቹ ላባቱ ትዝታውን በደብተር ይጽፍ እንደ ነበር፣ እርሱም ሠላሳ አራት ደብተር ከመበለቲቱ ቤት ሰብስቦ፣ እርሷ እየተራገመች፣ በእሳት እንዳቃጠላቸው በቀልድ ይተርካል። ከደብተሮቹ መካከል የንብረት ማስረጃዎች እንደ ነበሩ በኋላ ተነግሮታል። መበለቲቱ የዚህ አገር ሴት ናት። የባሏን ጽሑፍ ማንበብ ትችል እንደሆነ ወይም እንዳትችል ጉዳይ አይደለም፤ የሚቃጠለው ነገር የእርሷ መሆኑን ግን ታውቃለች። ደብዳቤውን ባነበብሁ ቁጥር የምቆመው እርግማኑ ላይ ነው። ታላቁ ባለቅኔ እርግማን መኖሩን ጻፈ፤ ቃሉን አልጻፈም። ምን ብላ ረገመችው? የሸዋ ሴት ስትራገም በአጭሩ አትተውም። በእኔ ግምት ያ የጠፋ ቃል ከሠላሳ አራቱ ደብተሮች ይበልጣል።

እንግዲህ አርቲስቱ ምን ያድርግ? ዝምታውን ይሙላውን ወይስ ይተወው? ታሪክ ጸሐፊው ማስረጃ የለም ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ጸሐፌ ተውኔት ግን ጀሚን መድረክ ላይ አውጥቶ ዝም ብሎ እንዲቆም ቢያደርገው የድሮው ጌታ ካደረገው የተለየ አላደረገም። ስለዚህ መፍጠር አለበት። የሚፈጥረውን ነገር ግን የታሪክ እውነት አስመስሎ ማቅረብ የለበትም። የሙከራ ቴአትር እዚህ ላይ ጥቅም ያለው ይመስለኛል። ዕውን መሳይ የሆነው የታሪክ ድራማ ወንበሩንም፣ ልብሱንም፣ ንግግሩንም ከጌታው ደብዳቤ ይቀዳል፤ ስለዚህ ሳይታወቀው የጌታውን ቤት ይሠራል። ስፌቱን የማይደብቅ ድራማ ግን ለተመልካቹ ይህን እኛ ፈጠርነው፣ ይህ ተመዝግቦ ተገኘ ሊለው ይችላል። ጀሚ ከቤተሰቡ ጋር ሲነጋገር በሐረሪ ቋንቋ ይነጋገር፤ ትርጉምም አይሰጥ። ተመልካቹ ጥቂት ይቸገር፤ ሁሉንም ነገር የመስማት መብት እንደሌለው ይወቅ። ስለ ፍቅር ከተነሣ ደግሞ ጀሚ ሊወድም ላይወድም የሚችል ሰው ሆኖ ይታይ፤ አንዱን ጸሐፊው አስቀድሞ አይወስንለት።

እኔ ጀማሪ ጸሐፊ ስለ አሽከር የጻፈውን ሲያሳየኝ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ አሽከሩ ከጌታው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሥራ የሚሠራበት ቦታ አለን? ጫማውን የሚጠግንበት፣ ከጎረቤት ጋር ስለ ውሃ ልክ የሚጣላበት፣ ልጁን ስለ ማስተማር የሚጨነቅበት? ብዙ ጊዜ የለም። አሽከሩ ይገባል፣ ያቀርባል፣ ያዳምጣል፣ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ የሚኖር አይመስልም። አብዮተኛ ነን በሚሉ ጽሑፎች ውስጥ እንኳ አሽከሩ የሚኖረው ጌታውን ለመጥላት ብቻ ነው፤ ጥላቻም ቢሆን እኮ ጌታውን መሐል ላይ የሚያስቀምጥ ስሜት ነው።

ድራማ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ከሞት አልጋው ሳይሆን ከመንገዱ ቢጀምር እመክራለሁ። በኤፕሪል 7 ቀን 1891 ራምቦ መራመድ ተስኖት ራሱ በነደፈው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ አሥራ ስድስት ሰዎች ተሸክመውት ከሐረር ወደ ዘይላ ወጣ። ጉዞው ወደ ሁለት ሳምንት ግድም ፈጀ። ዝናብ መታቸው፤ ድንኳኑ ከኋላ ቀረ። ታማሚው በእያንዳንዱ ቀን ስለ መንገዱ ጥቂት መስመር ይመዘግብ ነበር፤ መዝገቡም እስከ ዛሬ አለ። ከአንድ የጉዞ ቀን በኋላ ተሸካሚዎቹ እንደ ደረሱ መሬት ላይ እንደ ጣሉት ይጽፋል። ደክሟቸው ይሁን፣ ተናደው ይሁን፣ አይናገርም። በዚያው መስመር የጣለባቸውን ቅጣት ያሰፍራል፤ ከሞላው የተሸካሚ ጓድ ውስጥ የአራቱ ስም የደረሰን በዚህ ምክንያት ነው። የፈረንሳዊው ጆሮ እንደ ሰማው፣ ሙነድ ሱይን አንድ ታለር፤ አብዱላሂ አንድ ታለር፤ አብዱላህ አንድ ታለር፤ ባከር አንድ ታለር።